ሰባት ዙር በፓዱዋ

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ከሩቅም ከቅርብም ለማስተዛዘን የመጣችሁ እንግዶች» አለ የእድሩ ጸሐፊ ዓለሙ፣ ድንኳኑ መካከል ቆሞ፣ ጋቢውን እንደ ዳኛ ካባ ትከሻው ላይ እያስተካከለ። «በንብረት መዝገባችን በተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ የሰፈረው የትልቁ ማንቆርቆሪያ ክዳን ከትናንቱ የቀብር ሥነ ሥርዓት ወዲህ ከእይታ ውጭ መሆኑን የምገልጽላችሁ በከባድ ኀዘን ነው።»

የቦንጋ ዝናብ ብቻ ሸራውን ይደበድባል።

«ማንቆርቆሪያው በእጃችን ይገኛል» ሲል ቀጠለ ዓለሙ፣ ሕዝቡ ተስፋ እንዳይቆርጥ። «የጠፋው ክዳኑ ነው። ያየ፣ የሰማ፣ በስሕተት ይዞ የሄደ ካለ...»

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል፣ ለገብረ ኢየሱስ ንገሩት» አለ ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ሳያስበው ካፉ አምልጦት።

አንዳንዱ ሳቅ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ገብረ ኢየሱስ ትናንት ተቀብሯል፤ ድንኳኑም የተተከለው ለእሱ ነው።

ሰፈሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠፋበትን ነገር ሁሉ ሲነግር የኖረው ለልብስ ሰፊው ለገብረ ኢየሱስ ነው። ቁልፍ የጠፋበት፣ የይዞታ ካርታ የጠፋበት፣ ጊደር የጠፋችበት፣ ባል የጠፋባት ሁሉ ወደ ስፌት መኪናው ይመጣል። እሱም ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ፣ «ለቅዱስ አንጦንዮስ እነግረዋለሁ» ይላል። ከትግራይ፣ ከአሊቴና የመጣ ካቶሊክ ነው። የፓዱዋው ቅዱስ አንጦንዮስ ደግሞ በካቶሊኮች ዘንድ የጠፋ ነገር ፈላጊ ነው፤ አንድ ደቀ መዝሙር የመዝሙር መጽሐፉን ይዞበት ቢኮበልል ጸለየ፤ መጽሐፉም ሌባውም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ሰዎች የጠፋ ቁልፋቸውን ፈልግልን ሲሉት ይኖራሉ። በቦንጋም ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው ብዙ የሚከራከርበት ጉዳይ አለው፤ ቁልፍ ሲጠፋበት ግን ክርክሩን ለሌላ ቀን ያሳድራል።

ሃጂ ኸሊፋ ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ወንበር ቀይሯል። መግቢያው አጠገብ ሲቀመጥ ነፋስ አለ፤ ምሰሶው ሥር ሲቀመጥ ያፈሳል፤ መሐል ሲቀመጥ ሰው ያየዋል። ገብረ ኢየሱስ መኪናውን ዘርግቶ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋው በኸሊፋ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ጨርቁን ኸሊፋ ይሸጣል፣ እሱ ይሰፋል፤ ጨርቁ ካነሰ ልብስ ሰፊው ይሰደባል፣ ልብሱ ከጠበበ ባለሱቁ። እንዲህ ሲረዳዱ ኖሩ። ስለዚህ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፎ የማንበቡ ነገር በኸሊፋ ላይ ወደቀ። ትናንት መቃብሩ ላይ ሊነበብ ነበር፤ «ትውልድና እድገት» ላይ ሲደርስ ዝናቡ ወረደና ሰዉ ተበተነ። ነገ፣ በሰልስቱ ጸሎት ላይ ይነበባል።

ዓለሙ ማስታወቂያውን ጨርሶ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ዞን መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሲያጽናናም ስብሰባ ይመስላል።

«ሃጂ፣ ጽሑፉ ላይ አንድ ኮሜንት አለኝ። የውጭ ጉዞ የሚለውን ርእስ ያስፉት። ከእድራችን ባሕር የተሻገራችሁ እርስዎና እሳቸው ብቻ ናችሁ። እርስዎ መካ፣ እሳቸው ፓዱዋ።»

«እሺ።»

«እንዳያሳጥሩት። አባ በእምነትም እዚህ አሉልን፤ አገሩን ያውቁታል፣ የጎደለውን ይሞሉልናል።»

ኸሊፋ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ። አባ በእምነት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ አምስት ያልሞላቸው፣ መነጽር ያደረጉ ቄስ። ለትምህርት ጣሊያን አገር ሁለት ዓመት ተቀምጠው፣ ለአንድ ወር ዕረፍት መጥተው፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳሉ። የሚማሩትም እዚያው ፓዱዋ ነው።

«እኛ እኮ የቅዱሱን ቤተ ክርስቲያን፣ ባዚሊካውን፣ እንደ ቤታችን እናውቀዋለን አባ» አላቸው ዓለሙ። «ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ሲነግሩን ዓይናችን ላይ ያመጡት ነበር። ጉልላቱ ስምንት፤ እሱ ልክ ነው?»

«ስምንት ነው» አሉ አባ በእምነት ደስ ብሏቸው።

«መቃብሩ ላይ እጅ ያሳርፋሉ፤ ፎቶና ደብዳቤ ያስቀምጣሉ።»

«ትክክል ነው።»

«ምላሱስ? ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ መቃብሩ ሲከፈት ሥጋው አፈር ሆኖ፣ የሰበከበት ምላሱ ብቻ እንደ ሕያው ሰው ምላስ ቀልቶ ተገኘ። በመስተዋት ውስጥ አለ።»

«እንዴት ጥሩ አድርገው አስተምረዋችኋል» አሉ አባ በእምነት።

ኸሊፋ ሊነሣ ፈለገ። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

«ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዙሩ ነው» አለ ዓለሙ። «ጫማ ይወልቃል። መቃብሩን ሰባት ጊዜ ይዞራሉ፤ ሰው ከሰው ተጣብቆ፣ ጥቁሩ ከነጩ፣ አንዱ ያንዱን ቋንቋ ሳያውቅ እኩል እያለቀሰ። ሁሉም ነጭ፣ ስፌት የሌለው ልብስ ለብሶ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ስፌት የሌለው ለበስኩ እያሉ ያስቁን ነበር።»

አባ በእምነት መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው ሲያደርጉት ወደ ዓለሙ አልነበረም የሚያዩት።

«ሃጂ ኸሊፋ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እርስዎ ሐጅ ያደረጉት መቼ ነው?»

«ገብረ ኢየሱስ ከመሄዱ ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ።»

«ገባኝ።»

«ምን ገባዎት?»

«ገና እየገባኝ ነው።»

ኸሊፋ ሰባተኛውን ወንበር ፍለጋ ተነሣ። ድንኳኑ ውስጥ የተመቸው ወንበር ስላልነበረ ወጣ፤ አባ በእምነት ተከትለውት ወጡና ከጣራው ጠፈጠፍ በታች ያዙት።

«እኔ ማንንም ማሳፈር አልፈልግም» አሉት። «ነገር ግን ነገ የሚነበበው በጸሎት ላይ ነው፤ ጸሎቱን የምመራውም እኔ ነኝ። ያልሆነ ነገር ፊቴ ቢነበብ ዝም ልል አልችልም። እርስዎ ያርሙት። ካላረሙት ተነሥቼ አርመዋለሁ።»

«እርስዎ የሚሄዱበት በር ሌላ ይሆናል» አለ ኸሊፋ። «ትልቅ ቤት ነው ሲባል ሰምቻለሁ።»

አባ በእምነት ፈገግ አላሉም።

ኸሊፋ ጭቃውን እየረገጠ ሱቁ ሄደ፤ በሐዘን ምክንያት የተዘጋውን በር ግማሽ ከፍቶ ገባ። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። ኪሱ ውስጥ ያለችው ወረቀት ከበደችው። እውነቱን ቢጽፍ፣ ጓደኛውን በሰልስቱ ዕለት ውሸታም ያደርገዋል። ውሸቱን ቢያነብ፣ ቄሱ ሕዝብ ፊት ውሸታም ያደርጉታል። የከፋው ደግሞ ውሸቱ የገብረ ኢየሱስ ብቻ አለመሆኑ ነው። ግማሹን የፈጠረው ኸሊፋ ነው።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ኸሊፋ ጨርቅ ሊጭን መርካቶ ሄደ። ገብረ ኢየሱስ ከየአጥቢያ ቁምስናው ከተውጣጡ ተሳላሚዎች ጋር ለቅዱሱ በዓል ወደ ፓዱዋ ሊበር ከሦስት ቀን በፊት ከቦንጋ ተሸኝቶ ነበር። ሃያ ሦስት ቤት አደራ ጭኖበታል። መቃብሩ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የጠፋ ሰው ስም። አንዷ የጠፋች ላም ቀለም በዝርዝር አስጽፋ ሰጥታዋለች፤ ቅዱሱ ከሌላ ላም ጋር እንዳይምታታበት።

ኸሊፋ ሻይ ሊጠጣ አንድ ጠባብ ቤት ቢገባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተቀመጠ ሰው አየ። ጀርባውን አወቀው። የሰው ጀርባ በረንዳ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ካየኸው ፊት ነው።

«ፓዱዋ እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ?» አለው።

ገብረ ኢየሱስ ሳይዞር፣ «ተቀመጥ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባን ሌባ ፈርቶ ፓስፖርቱን በኮቱ ገበር ውስጥ ሰፋው። ጥሩ አድርጎ ሰፋው፤ እጅ ቢዳስሰው አያገኘውም። ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ ሞቀውና ኮቱን አውልቆ መቀመጫው ላይ አንጠለጠለው፤ የአደራውን ፖስታ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ወረደ። ኮቱ ከነፓስፖርቱ ጉዞውን ቀጠለ። መናኸሪያ ለመናኸሪያ ሦስት ቀን ፈለገው። ተሳላሚዎቹ በረሩ።

«ለቅዱስ አንጦንዮስ አልነገርከውም?» አለ ኸሊፋ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ለራሴ ጉዳይ ሰምቶኝ አያውቅም።»

ኸሊፋ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ የጓደኛውን ዓይን ሲያይ ተወው። ገብረ ኢየሱስ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ያያል፣ መልሶ ይከታል። «እነዚህን ይዤ እንዴት ቦንጋ እገባለሁ?» አለ። «ኮቴን ረሳሁት ልበላቸው? ለጠፋ ነገር የላኩኝ ሰዎች?» ከፎቶዎቹ መሐል አንዱ ወደ ኸሊፋ በኩል ተንሸራተተ። አነሣው። የራሱ ልጅ ሚንሃጅ ነው፤ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሻገር ወጥቶ፣ ከማላዊ አንዴ ደውሎ፣ ድምፁ ከጠፋ ዓመት ያለፈው ሚንሃጅ። ከኋላው ላይ በሰው እጅ ጽሑፍ «ሙፊዳ ነኝ፣ እናቱ» ይላል። ሚስቱ አልነገረችውም ነበር። ኸሊፋ ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሰና ሌላ ሻይ አዘዘ።

ዘጠኝ ቀን ኸሊፋ ባረፈበት ክፍል አብረው ተቀመጡ፤ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት፣ ሄዶ የተመለሰ ሰው የሚያወራትን ፓዱዋን ሠሩ። ገብረ ኢየሱስ ከሚሲዮኖቹ ያገኛት በጣሊያንኛ የተጻፈች ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነበረቻቸው።

«ይሄ መስጊድ ነው» አለ ኸሊፋ የባዚሊካውን ሥዕል ሲያይ።

«ባዚሊካ ነው።»

«ጉልላቱን ቁጠረው። ሚናራውስ?»

«የደወል ማማ ነው።»

«ደወሉን ብታወርደው ሚናራ ነው።»

የቅዱሱን ታሪክ ገብረ ኢየሱስ ማንም አያሳስተውም፤ ፖርቱጋል ከሀብታም ቤት መወለዱን፣ ሁሉን ትቶ መመነኑን፣ ሰው አልሰማ ሲለው ለዓሣ መስበኩን፣ አርባ ሳይሞላው መሞቱን በቃሉ ያውቃል። የማያውቀው መድረስን ነው። ዕድሜ ልክ የተመኙት ቦታ ደርሶ በሩን ማየት ምን ምን እንደሚል አያውቅም። እሱን የሚያውቀው ኸሊፋ ነው። ስለዚህ መካ ደርሶ ያየውን ነገረው። ጉልበት ሲከዳ እንዴት እንደሆነ፤ የማታውቀው ሰው ተደግፎህ ሲያለቅስ ላቡ እንዴት እንደሚሸት፤ ሰባተኛው ዙር ላይ እግርህ የማን እንደሆነ እንደሚጠፋህ። ገብረ ኢየሱስ እንደ ተማሪ አዳመጠ።

«ከመካ የሚመለስ ሰው የተባረከ ውሃም ያመጣል» አለ ኸሊፋ በመጨረሻ። «አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘህ ግባ። ያለ ውሃ አያምኑህም።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«በወሬ እዋሻለሁ» አለ ገብረ ኢየሱስ፣ «በዕቃ አልዋሽም።»

ቦንጋ ገብቶ በረንዳው ላይ ሲያወራው ከኸሊፋ በላይ አሳመረው። ኸሊፋ የራሱን ሐጅ በሌላ ሰው አፍ ሲሰማ፣ በጨርቅ ጥቅሉ ተከልሎ ዓይኑን ጠረገ። በሳምንቱ ገብረ ኢየሱስ ከኸሊፋ ሱቅ ቡናማ ወፍራም ጨርቅ ወስዶ ካፖርት ቆረጠ። ኸሊፋ በሩን እየጠበቀለት ሃያ ሦስቱን አደራ ገበሩ ውስጥ አንድ በአንድ ሰፋቸው። «አላደረስኳቸውም» አለ ክሩን በጥርሱ እየቆረጠ፣ «ግን ከላዬ አላወርዳቸውም።» ያንን ካፖርት በየእሑዱ ለቅዳሴ ለበሰው። ሰፈሩ ከጣሊያን ያመጣው ነው አለ። እሱ አላለም።

ከዚያ ደግሞ ሥራ ጀመረ። የጠፋውን የይዞታ ካርታ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ተመላለሰ። ደካ ድረስ ሄዶ የኮበለለ ባል በእጁ ጎትቶ አመጣ። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ላም ፍለጋ ሁለት ቀን ዋለ፤ ላሟን አገኛት፣ ቀለሟ ግን እንደተጻፈው አልነበረም። አንድ ጉዳይ ባለቀ ቁጥር ገበሩን ትንሽ ተርትሮ አንዲት ወረቀት ያወጣል፣ መልሶ ይሰፋዋል። ምስጋናውን ቅዱስ አንጦንዮስ ይወስዳል። ስንት እንደቀረ ኸሊፋ አያውቅም። አንዱ እንዳልወጣ ግን ያውቃል።

«የሚንሃጅ አባት፣ ጨለማ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?»

ሙፊዳ ነበረች፤ ዣንጥላዋን እያራገፈች የሱቁ በር ላይ ቆማለች። እጇ ሲኒ ሲያጥብ ከመዋሉ ብዛት ተሸብሽቧል።

«እጽፋለሁ።»

«ብዕር የለህም።» መጥታ ጨርቅ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣ። ያኔ ገብረ ኢየሱስ ሲሄድ የልጄን ፎቶ ሰጥቼው ነበር። አላህን ትቼ አይደለም። ልጅ የጠፋበት ሰው የማያንኳኳው በር የለም ብዬ ነው።»

ኸሊፋ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሚያውቀውን ነገር ዛሬ እንደሚሰማ ሰው መምሰል አቃተው።

«ሲመለስ ጠየቅኩት» አለች። «በግራ በኩል ነው ያስቀመጥኩት፣ ልብ አጠገብ፣ አለኝ። በየእሑዱ አስታውሰዋለሁ አለኝ። እና አሁን አባ በእምነት እዚያው ነው አሉ የሚኖሩት። ነገ ልጠይቃቸው ነው። በግራ በኩል ፎቶው እንዳለ አይተው በስልክ ይንገሩኝ።»

«አሥራ አራት ዓመት ወረቀት ይቆያል?»

«ከሌለም ይንገሩኝ» አለች ሙፊዳ። «ማወቅ ነው የምፈልገው። አንተ አትፈልግም?»

በሰልስቱ ዕለት ዝናቡ አረፈ። ጸሎቱ አለቀና አባ በእምነት ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ዓለሙ የሕይወት ታሪኩ እንደሚነበብ አሳወቀ። የሟቹ አንድያ ልጅ ትርሐስ፣ ጂማ በነርስነት የምትሠራው፣ በጥቁር ነጠላ ተከናንባ ከሴቶቹ መሐል ትጠብቃለች። ኸሊፋ ቆመ። እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰዶ ወረቀቱን ሲስብ፣ ከወረቀቱ ጋር አንድ ከባድ ነገር ተከትሎ ወጣና መሬት ላይ ጮኸ። ተንከባለለ። በአግዳሚዎቹ መሐል እየተሽከረከረ ሄዶ የአባ በእምነት ጫማ ሥር ተኛ።

የማንቆርቆሪያው ክዳን ነው። በቀብሩ ዕለት ዝናቡ ሲወርድ እጁ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ይዞት ኪሱ ከትቶት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ልብ ሳይለው ይዞት ሲዞር ከርሟል።

«ሞቶም ሥራ አልፈታ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፤ ድንኳኑ በአንድ ላይ ሳቀ። ትርሐስም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ሴቶቹም ተከተሏት። ዓለሙ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አነሣ፤ «ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ» ብሎ አጉረመረመና መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ።

ኸሊፋ ልቅሶው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። አሊቴናን አነበበ፣ እግሩ ቦንጋ የገባበትን ቀን አነበበ፣ ቀድማው የሞተችውን ሚስቱን አነበበ። የውጭ ጉዞ የሚለው ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አጥፎ ያዘው፤ አባ በእምነት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሊነሡ እንደተዘጋጁ አየ።

«በዚያ ዓመት በሰኔ» አለ ኸሊፋ፣ «ገብረ ኢየሱስ ወደ ቅዱስ አንጦንዮስ ባዚሊካ ሊሄድ ከዚህ ተነሣ። የሃያ ሦስት ቤት አደራ ይዞ ነበር። ከያዘበት ቀን ጀምሮ ከላዩ አላወረደውም። ሌላው ሰው ደርሶ ይመለሳል። እሱ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ መንገድ ላይ ነበር።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት አሮጊት «እውነት ነው፣ ሁላችንም መንገደኛ ነን» ብለው አለቀሱ። አባ በእምነት ኸሊፋን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡና ደረታቸው ላይ አጣምረው ተደገፉ።

«ሃጂ፣ ሰባቱ ዙር ቀርቷል» አለ ዓለሙ በሹክሹክታ። «ኮሜንት ሰጥቼ ነበር።»

«ተቀመጥ፣ ዓለሙ።»

ሰዉ ሲበተን ሙፊዳ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቄሱ ስትሄድ ኸሊፋ ከሩቅ አየ። የምትለውን አልሰማም። ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታሳያቸው ግን አየ። አባ በእምነት ጎንበስ ብለው አዳመጧትና «እሺ እናቴ፣ አያለሁ» አሏት።

ኸሊፋ እዚያ መቆም አልቻለም። ወደ ሟቹ ቤት ውስጥ ገባ። ትርሐስ የአባቷን ልብስ አልጋው ላይ ዘርግታ ለሚሰጠው ሰው ትለያለች፤ ቡናማው ካፖርት ለብቻው በወንበር መደገፊያ ላይ ተሰቅሏል።

«ይሄንን አልሰጥም ጋሼ» አለችው። «ጂማ ጥሩ ልብስ ሰፊ አለ። አስፈትቼ፣ ገልብጬ በልኬ አሰፋዋለሁ።»

ኸሊፋ ካፖርቱ ሲፈታ፣ ያልታወቀ ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሚንሃጅ ከገበር ወጥቶ ሲወድቅ ታየው።

«ለእኔ ስጪኝ» አለ።

ትርሐስ ካፖርቱን አየች፣ የኸሊፋን ሆድ አየች። «ጋሼ፣ አንድ እጅዎም አይገባም።»

«አውቃለሁ።»

ካፖርቱን ከወንበሩ አንሥታ እቅፍ አደረገችው። «ቅዳሴ ሲሄድ ለብሶት ሳቅፈው ከውስጥ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ነበር» አለች። «ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፣ ትልቅ ሆኜም ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።» አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው፤ ጆሮዋን ወደ ደረቱ አስጠግታ እንደምታዳምጥ ሰው። ከዚያ ሰጠችው። «አሁንም አልጠይቅም።»

በማግስቱ ጠዋት አባ በእምነት ሻንጣቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው ወደ መናኸሪያ ሊነሡ ሲሉ፣ ሃጂ ኸሊፋ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ በጭቃው ላይ ሲሮጥ ታየ። ሃጂ ኸሊፋ ሲሮጥ ያየ ሰው ቦንጋ ውስጥ የለም፤ የባጃጁ ሹፌርም እሳት የተነሣ መስሎት ሞተሩን አጠፋ።

«ይሄንን ይዘው ይሂዱ» አለ እያለከለከ። «እዚያ አገር አሁን ብርድ ነው።»

«ካፖርት አለኝ እኮ ሃጂ።»

«ይሄ ሌላ ነው። ይልበሱት።»

አባ በእምነት ከባጃጁ ወርደው እጃቸውን አስገቡ። ገብረ ኢየሱስን ያህሉ ነበር፤ ካፖርቱ ልክ ሆነ። ትከሻቸውን ሲያንቀሳቅሱ ከውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ቀና ብለው ኸሊፋን አዩት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የገብረ ኢየሱስ ነበር። ባዚሊካው ሲሄዱ ይልበሱት። እዚያ እስኪደርሱ አይፍቱት፣ ለማንም አያውሱት፣ አውቶቡስ ውስጥ ቢሞቅዎትም እንዳያወልቁት።»

«እሺ።»

«ከደረሱ በኋላ መቃብሩን ይዙሩት። ሰባት ጊዜ።»

«ሃጂ» አሉ አባ በእምነት በትዕግሥት፣ «እዚያ ሰባት ዙር የሚባል ነገር የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

«የጠፋበት ነገር አለ ይላል።»

ኸሊፋ ጎንበስ ብሎ ካፖርቱን ከታች ጀምሮ ቆለፈላቸው፤ ኮት ሊለካ የመጣ ደንበኛን እንደሚያስተካክል ልብስ ሰፊ፣ ቁልፍ በቁልፍ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ መዳፉን በግራ ደረታቸው ላይ አሳረፈ። ገበሩ ውስጥ ያለው ወረቀት ከመዳፉ ሥር ትንሽ ተንኮሻኮሸ። እጁን አላነሣም። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ አሁንም አላነሣም።

«ባለቤትዎ በግራ በኩል ፎቶ ፈልጉልኝ ብለውኛል» አሉ አባ በእምነት ዝግ ብለው።

«ነግራኛለች።»

«ሃጂ፣ እዚህ ውስጥ ምን እንዳለ ባውቅ...»

ኸሊፋ መዳፉን አነሣ፤ ቄሱን ክንዳቸውን ደግፎ ወደ ባጃጁ አስገባና የዝናብ መከለያውን ላስቲክ አወረደባቸው።

«አልነግርዎትም» አለ።